በሌላ ሽፋን ውስጥ

ሳይረን ሲጮህ የምንገባበት ያ መጠለያ ክፍል፣
ካርቶን ነው በካርቶን፣ እግር የሚከለክል።
ዝናሽ በሩን ይዛ «አንዱን ምረጥ» አለች፣
«ወይ ዲስክህ ወይ እኛ።» እውነቷን ነው፤ ችላለች፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አቧራ ጠርጋለች።

ፎቶ አነሳኋቸው፣ ምንጣፍ ላይ ደርድሬ፣
እንደ በግ ነጋዴ ጥርስ ገልጬ ቆጥሬ፣
ጭረታቸውን ሁሉ በመብራት መርምሬ፤
እስከ ስምንተኛው።
ከዚያ ሰለቸኝና ሽፋን እያየሁ አለፍኩ።

ሰባቱ የኳስ ናቸው፣ አራቱ የመኪና፣
አንዱ የሰይፍ ውጊያ፣ ያልጨረስኩት ገና፤
ማጫወቻው ጭምር፣ ከነመጨበጫው፣
የግራው ይሰንፋል፣ የአውራ ጣት መርገጫው።

ስገዛው ሃያ ሁለት ሌሊት አንግቼበት፣
በአፉላ ዳር የሱፍ መጋዘን ዘብ ቆሜበት፤
ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ዋጋ ስጽፍበት
«ሦስት መቶ ሸቀል» አልኩ። ጣቴ አፈረበት።

ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ስልኬ ተንጫጫ፤
አንዱ «በመቶ ስጠኝ»፣ አንዱ «በመለወጫ፣
ብስክሌት አለኝ አሮጌ፣ ለልጅህ መሮጫ»፤
አንዷ «የሟች ነው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ፣
«በሕይወት አለሁ» ብላት መልስ ነፈገችኝ።

ቫዲም ነው የመጣው፣ ከሚግዳል ሃኤሜቅ፣
አጭር ተናጋሪ፣ በዋጋ ሰው የማያደርቅ፤
ሁለት መቶ ሠላሳ መዳፌ ላይ ዘርግቶ፣
የሃምሳዋን ቅዳጅ በፕላስተር ሰፍቶ፣
ካርቶኑን ታቀፈ፣ ደረጃውን ወረደ፤
ባዶው ክፍል ድምፄን መመለስ ለመደ።

ማክሰኞ ማታ ግን እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦
«ወንድሜ፣ በመኪናው ሽፋን ውስጥ ያለው መኪና አይደለም።
የቆርቆሮ አጥር ነው፣ ወንበር ነው፣ አንዲት ሴት ናት።
ትናገራለች፤ ቋንቋው አልገባኝም።
ልጄ መጨበጫውን ይዞ
እስክትጨርስ እየጠበቀ ነው።»

አወቅኩት። አባቴ፣ አለልኝ፣ ነፍሱን ይማር፣
ሽፋንና ሆዱን ለያይቶ የሚያኖር፤
የመነጽር ቤት ውስጥ ኪኒን ያስቀምጣል፣
የብስኩት ጣሳ ውስጥ ደረሰኝ ይከታል።
ጎንደር ሄዶ ነበር፣ ካሜራ ተውሶ፣
ተራ ከምትጠብቅ እህቱ ዘንድ ደርሶ።

አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አንዴ ያየሁት ሰው ቤት፣
በሸጥኩት ማጫወቻ፣ በሰው ሶፋ ላይ አየኋት፦
አክስቴ ትርንጎ ለዘመዱ ሁሉ ሰላምታ ትቆጥራለች፣
አንድ ስም ከዘለለች ከራሱ ትጀምራለች።
አባቴ አይታይም። ከካሜራው ጀርባ ነው።
ሁለቴ «ቀጥይ» አለ። አንዴ አሳለው።
ያቺን ሳል ልጁ ወደ ኋላ መለሰልኝ፣
ሳልለምነው፤ ደግሞም አንዴ ደገመልኝ።

ትርንጎ ነታንያ ናት ዛሬ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ደኅና፤
ስነግራት፦ «አጥፋው! ጥርስ አላስተከልኩም ያኔ ገና።»

ዲስኳን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ፤ ማሳያ በሌለኝ ቤቴ ልትቀመጥ።
የልጁስ መኪና የታል? ዕዳ ሆነብኝ።

እናቴ ሻንጣ ውስጥ አንድ ፖስታ አለ፣
በአባቴ እጅ «ትርንጎ» የተጻፈበት፣
ሰንበት ሲገባ አውጥታ የምትጸልይበት፣
እሱ ካለፈ ወዲህ ማንም ያልነካበት።
ከፈትኩት። ቀይ መኪና። ጭረት የሌለበት።

እናቴ ወደ ብርሃን አዙራ አየችው።
«ስንት ሰንበት!» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሐሙስ በፖስታ ቤት ላክሁት፤ አሥራ ሁለት ሸቀል አወጣሁበት።
እሑድ ቫዲም ጻፈ፦ «በመጀመሪያው ዙር አንደኛ ወጣ፣
እንዴት እንደሆነ እኔም አልገባኝም።»

እኔ ግን ገብቶኛል።
አልነገርኩትም።